የሕፃናት ቡጢ ስፖርት ነው ወይስ ንግድ?

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታይላንድ አገር፣ ከባንኮክ አጠገብ ባለው በሳሙት ፕራካን ክፍለ ሀገር፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በቡጢ መድረክ ላይ ተዘረረ። ራሱን እንደ ሳተ ሆስፒታል ገባ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ልጁ መጋጠም የጀመረው በ8 ዓመቱ ሲሆን እስከዚያች ዕለት ድረስ 170 ጊዜ ያህል ተጋጥሟል። ሒሳብ የሚችል ሁሉ ያስላው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በየወሩ ሦስት ጊዜ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የራስ መከላከያ አላደረገም። ግጥሚያው የተዘጋጀው ደግሞ፣ ሰሚ ይፍረድ፣ ለበጎ አድራጎት ነበር።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ጓደኞቼ ተማሪዎች! ይህን ያነሣሁት አንባቢን ለማስለቀስ ሳይሆን ለመከራከር ነው። የምከራከርበትም ነጥብ አንድ ነው፤ ጭንቅላትን መምታት ለድል የሚያበቃበት ውድድር ለሕፃናት ሊፈቀድ አይገባም። ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ስሙ ስፖርት መሆኑ ይቀርና ብዝበዛ ይሆናል።

«ታይላንድ ከእኛ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል እንደሚኖር ዐውቃለሁ። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶ ታጥቀው ለቴኳንዶና ለካራቴ የሚሰለፉ ሕፃናት ሞልተዋል፤ የቦክስ ጓንት የሚያጠልቁም አይታጡም። ከአሠልጣኞቹ መካከል ልጆቹን ከመጥፎ ቦታ ለማራቅ የሚደክሙ ቅን ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ልጅ መዝለልን፣ መታጠፍን፣ መውደቅንና መነሣትን ቢማር፣ ታላቁን ማክበርንና ቁጣውን መግታትን ቢለምድ የሚጠላ የለም። ነገር ግን በቴኳንዶ የውድድር ደንብ ራስ ላይ ያረፈ ርግጫ ደረት ላይ ካረፈው የበለጠ ነጥብ ያስገኛል። እንግዲህ ልጁ የት እንዲመታ ደንቡ ራሱ እያስተማረው መሆኑን ልብ በሉ። ከሥልጠናው ወደ ውድድሩ የሚያሻግረውን ድልድይ ዛሬውኑ ካልጠበቅነው ነገ የታይላንድ ነገር የእኛም ነገር ይሆናል።

ሐኪሞች የሚሉትን እንስማ። የሰው ልጅ አንጎል በ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ ዐዋቂ ሲሆን ከሚኖረው መጠን 90 በመቶ ያህሉን ይደርሳል፤ አንገቱና ትከሻው ግን ገና የልጅ ናቸው። ከባድ ራስ በቀጭን አንገት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ቡጢ ባረፈ ጊዜ የልጁ አንገት እንደ ዐዋቂው አንገት ኀይሉን ሊገታው አይችልም፤ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በፈሳሽ መካከል ያለው አንጎልም ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፤ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ ይጎዳሉም። ከአንዱ ምት ሳያገግም ሌላ የተመታ ልጅ ደግሞ ለሞት የሚያበቃ እብጠት ሊያገኘው ይችላል። የአንጎል ብስለት እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይቀጥላል ይባላል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ ገና አልጨረስንም፤ የ8 ዓመቱ ልጅማ ምኑ ተነክቶ!

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ፣ ብዙ የተመቱ ቦክሰኞች ሳይጠጡ እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱበትን በሽታ የጻፈው በ1928 ዓ.ም. ነበር። በባንኮክ የማሂዶል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም የሕፃናት ቡጢኞችን አንጎል በኤም.አር.አይ. መሣሪያ መርምረው፣ ከማይጋጠሙት እኩዮቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ጉዳት አግኝተውበታል፤ ብዙ ዓመት በተጋጠሙት ልጆች ዘንድ የአእምሮ ችሎታ መለኪያው ውጤት ዝቅ ማለቱንም ገልጠዋል። የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በ2011 ዓ.ም. በአንድነት ባወጡት መግለጫ ቦክስን ለሕፃናትና ለወጣቶች እንደሚቃወሙ አስታውቀው፣ በፈንታው ዋናን፣ ቴኒስን፣ የቅርጫትና የመረብ ኳስን የመሰለ ጨዋታ መክረዋል።

እስቲ አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል አንድ በአንድ እንመርምር።

«የራስ መከላከያ ይልበሱ» ይላሉ። መከላከያው ቅንድብ እንዳይሰነጠቅና ጆሮ እንዳይቆስል ይረዳል። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ እንጂ ከቆዳ ላይ አልተሰፋም፤ ውጭውን በስፖንጅ ቢሸፍኑት ውስጡ መናወጡ አይቀርም። የዓለም አማተር ቦክስ ማኅበር ራሱ በ2013 ዓ.ም. ለታላላቅ ወንዶች ውድድር መከላከያውን አስወልቋል። ስለዚህ መከላከያው የሚያጽናናው ተመልካቹን ነው።

«በእግር ኳስስ ልጅ አይጎዳም ወይ?» ይላሉ። ይጎዳል። ነገር ግን በእግር ኳስ ሰውን በራሱ ላይ መምታት ጥፋት ነው፤ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ካርድ ያወጣል። በቡጢ መድረክ ላይ ግን ነጥብ ይመዘገባል፤ ልጁ ከተዘረረም ጭብጨባው ይደምቃል። አደጋ የሆነ ጉዳትና ዓላማ የሆነ ጉዳት አንድ አይደሉም። ደግሞስ እግር ኳሰኞቹ ዝም ብለው ተቀመጡን? የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2015 ዓ.ም. 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስን በጭንቅላት እንዳይመቱ ከልክሏል፤ እንግሊዝም በ2020 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ሕፃናት በልምምድ ጊዜ እንዳይመቱ መመሪያ አውጥታለች። ለአንዲት ኳስ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ ለጡጫና ለጉልበት ምን ሊባል ነው?

«አባቶቻችን በትግል አድገዋል፤ ልጅ ካልተጋፋ ወንድ አይወጣውም» የሚሉም አሉ። መልካም፤ ትግሉን እንመርምረው። እረኞች ከብቶቻቸውን አሰማርተው በለምለሙ መስክ ሲታገሉ አንደኛው ሲወድቅ ነገሩ ያልቃል፤ የወደቀውን መምታት ነውር ነው፤ ታላቅየውም መሐል ገብቶ ይገላግላል። ቲኬት የሚቆርጥ የለም፤ በልጁ ላይ ገንዘብ የሚያስይዝ የለም፤ ማታም ሁለቱ አብረው ከብት እየነዱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህን ጨዋታ ጠበቃ አድርጎ ማቆም ለማን ይበጃል? የአባቶቻችን ትግል የሚመሰክረው ለእኛ ነው፤ ጥንካሬን ያለ ጭንቅላት ምት ማግኘት እንደሚቻል ያሳያልና።

«ቶሎ ካልጀመረ ጀግና አይሆንም» የሚለውም ውሃ አይቋጥርም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ጆሹዋ ቦክስ የጀመረው በ18 ዓመቱ ሲሆን በ2012 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ወስዷል። «ታዲያ ታይላንዳዊው ቡአካው በ8 ዓመቱ ጀምሮ የዓለም ዝነኛ ሆኖ የለም ወይ?» ቢሉን፣ ሆኗል እንላለን። ነገር ግን ከእርሱ ጋር በ8 ዓመታቸው ጀምረው ስማቸው ያልተሰማ ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ከሎተሪ አንድ ባለዕድል አይቶ ሎተሪ ሀብት ነው እንደማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በታይላንድ ወደ መድረክ ከሚወጡት ሕፃናት ብዙዎቹ የድኻ ልጆች ናቸው፤ በተለይም ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምሥራቁ የገበሬ አገር የሚመጡ። ልጁ ያገኛት ሽልማት ለቤት ኪራይ፣ ለታናሽ እኅቱ ደብተር፣ ለአባቱ ዕዳ ትውላለች። በመድረኩ ዙሪያ ደግሞ ዐዋቂዎች ቆመው በልጆቹ ጎድን ላይ ይወራረዳሉ። የእኛ ሰው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል፤ እዚያ ግን የልጅ ቡጢ ለመላው ቤተ ሰብ ራት እንዲበቃ ተፈርዶበታል። «ያለዚህ ምን ይበላሉ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ያዙረው። ልጅን በመድረክ ላይ ካላስመታ የማይበላ ገበሬ ካለ፣ የሚከሰሰው ገበሬው ያደረበት ሥርዓት ነው፤ ዕዳው በልጁ አንጎል ሊከፈል አይገባም። በአደባባይ ወጥቶ «ቡጢ ልጅን ያንጻል» የሚለው ባለገንዘብ የገዛ ልጁን በትምህርት ቤት እንጂ በመድረክ ላይ እንደማያውለው እገምታለሁ።

«ልጁም ወዷል፤ ወላጁም ፈቅዷል» ይባላል። በታይላንድ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የቡጢ ሕግ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ፈቃድና በምዝገባ እንዲጋጠም በር ከፍቷል። የ13 ዓመቱ ልጅ ከሞተ በኋላ ከ12 ዓመት በታች ያሉትን የሚከለክል ረቂቅ ላይ ብዙ ተነጋገሩ፤ አዘጋጆቹና አሠልጣኞቹም ተቃወሙት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በእኛ አገር በ1960 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። በ2019 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ዐዋጅም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን፣ እስከ 18 ዓመትም አደገኛ ሥራ ማሠራትን ይከለክላል። የቤት ሽያጭ ውል ሊፈርም የማይችል ልጅ አንጎሉን ለማስመታት ፈቀደ ብሎ መከራከር ምን ዓይነት ሕግ ነው? ወላጅስ ቢሆን ሥልጣኑ ልጁን ለመጠበቅ የተሰጠው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

1ኛ/ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሚዘጋጅ ማናቸውም ውድድር ራስን መምታት ነጥብ የሚያስገኝ ሳይሆን የሚያስባርር ጥፋት ይሁን።

2ኛ/ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚመታበትና በሚማታበት ግጥሚያ ቲኬት አይሸጥ፤ የገንዘብ ሽልማት አይሰጥ፤ ውርርድም አይካሄድ።

3ኛ/ ራሱን የተመታ ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ልምምድ እንዳይመለስ አሠልጣኙ በኀላፊነት ይጠየቅ።

4ኛ/ የስፖርት መምህራንና በክረምት በየሰፈሩ በጎ ፈቃድ የምንሰጥ ተማሪዎች ለልጆቹ ሩጫውን፣ ኳሱን፣ ዝላዩን፣ ትግሉን እናስፋፋላቸው። ሌላ ሜዳ ሳንሰጣቸው ይህን ብቻ ብንከለክላቸው የጀመርነው ሥራ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር። ሲጽፍ ግን አንድ ነገር አይርሳ፤ እርሱ የሚከራከርበት ብዕሩም አንጎሉም በእጁ ናቸው። የሳሙት ፕራካኑ ልጅ ሁለቱም የሉትም።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ