ተጠባባቂው ወርቅ ካመጣ በኋላ ምን ተማርን?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ፤ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በቤጂንግ አቁሞት ከነበረው የኦሎምፒክ ሰዓት ላይም ስድስት ሰከንድ ቀነሰ። አገራችን ከዚያ ኦሎምፒክ ያገኘችው ወርቅ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ጨፍሯል። ነገር ግን ታምራት መጀመሪያ ከተመረጡት ሦስት ሯጮች አንዱ አልነበረም። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ቦታውን ባይለቅ ኖሮ የዓመቱ ብቸኛ ወርቃችን በቤቱ ተቀምጦ ሩጫውን በቴሌቪዥን ይመለከት ነበር። እኛ የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ የጨፈርነው በመራጮቻችን ብልሃት ነው ወይስ በሲሳይ ሕመም?

በግቢያችን ስለዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «አያችሁ፤ ተጠባባቂያችን እንኳ ዓለምን ያሸንፋል፤ ስለዚህ ማንም ቢመረጥ ግድ የለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አያችሁ፤ መራጮቹ ሰው መለየት አያውቁም» እያለ ይሳደባል። ሁለቱም ነገሩን አልተመለከቱትም። ሲሳይ የተመረጠው በዘመድ አይደለም። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በቫሌንሲያ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሮጧል፤ በሚያዝያም ቦስተንን አሸንፏል። ይህን ሰው የሚተው መራጭ እብድ ይባል ነበር። ታምራትም ቢሆን ከሜዳ የተለቀመ ጀማሪ አልነበረም፤ በ2014 ዓ.ም. በዩጂን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ኒውዮርክን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸንፎ የቦታውን ሰዓት ሰብሯል። ክርክሩ በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ሊሆን ይገባል። ሯጩ ሲጎዳ ጉዳቱን መናገር ይጠቅመዋልን ወይስ ይጎዳዋል? ተጠባባቂ የተባለው ሰው ራሱን እንደ ቡድኑ አባል ይቆጥራልን ወይስ እንደ ትርፍ ጎማ? ከሦስቱ ቦታዎች ውጭ ያለው ወጣትስ በየትኛው በር ይገባል?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ አገሩ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲያበራ ማለት ነው። እንደሚነገረው አበበ ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለው በመጨረሻ ሰዓት፣ ዋሚ ቢራቱ በጤና ምክንያት ሲቀር ነው። ስለዚህ ፓሪስ አዲስ ነገር አላሳየንም፤ የኢትዮጵያ የማራቶን ታሪክ ራሱ በተተኪ ሰው ተጀምሯል ማለት ይቻላል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ከዚህ ድል የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ፤ ጀግና ቢታመምም ይሮጣል አለ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ያው ጀግና በተጎዳ እግሩ ተሰልፎ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። ያን ቀን ያዳነን ማሞ ወልዴ ነው። ማሞ 36 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም በ10,000 ሜትር ብር አግኝቷል። ማሞ ባያሸንፍ ኖሮ «የታመመውን ሰው ማን አሰለፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ይነሣ ነበር። ወርቁ መጣና ጥያቄው ተዳፈነ። በፓሪስም የሆነው ይኸው ነው፤ ወርቅ መልካም ነገር ቢሆንም ጥያቄን የመሸፈን ክፉ ባሕርይ አለው።

የቀነኒሳ በቀለ ጉዳይ ደግሞ ለሁለቱም ጎራ የማይመች ነው። ለረጅም ጊዜ ከተረከዝ ጅማት ሕመም ጋር ሲታገል ቆይቶ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጣ፤ ለሪዮ ግን አልተመረጠም፤ ቅሬታውንም በይፋ ተናገረ። ተመርጠው ከሄዱት አንዱ ፈይሳ ለሊሳ ብር ስላመጣ መራጮቹ «አላልናችሁም?» ለማለት በቁ። ወሩ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ቀነኒሳ በርሊንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈና ነቃፊዎቹ በተራቸው «አላልናችሁም?» አሉ። ለቶኪዮ ውድድር ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር መምረጫ ሩጫ ተደረገ፤ ቀነኒሳ ይህን አሠራር ተቃውሞ አልተሰለፈም፤ ከተመረጡት ወንዶችም አንዱም ሜዳሊያ አላገኘም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በ42 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ከወጣ በኋላ ተመርጦ በፓሪስ 39ኛ ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ በሪዮ ጊዜ አንድ ሕግ፣ በቶኪዮ ጊዜ ሌላ ሕግ፣ በፓሪስ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረ። ሰውየው ያው ነው፤ የሚለዋወጠው ሚዛኑ ነው። ሚዛኑ በየአራት ዓመቱ የሚለወጥ ነጋዴ ደሴ ገበያ ላይ ቢቆም ማን እህል ይገዛዋል?

የጉዳት ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ታላላቅ የማራቶን ሯጮች በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ይሮጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ሩጫ ሦስትና አራት ወር ይዘጋጃሉ። ቦታውን በሕመም የለቀቀ ሯጭ የዓመቱን ደመወዙን፣ የጫማ ኩባንያ ውሉን፣ ስሙንም ሊያጣ ይችላል። ታዲያ ጅማቱ ሲያመው ለማን ይናገር? ዝም ይላል፤ ልምምዱን ይቀንሳል፤ ይድናል ብሎ ይጸልያል። ሲሳይ ቦታውን በጊዜ መልቀቁ ታላቅ ነገር ነው፤ ለወርቁ ከታምራት ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው እርሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ግን የአገር ቡድን በአንድ ሰው ቅንነት ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ከመራጩም ከአሠልጣኙም ያልወገነ ሐኪም ሦስቱንም ሯጮችና ተጠባባቂውን በተወሰነ ቀን ይመርምር፤ በሕመም ቦታውን የለቀቀ ሯጭም ለሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና ቅድሚያ ያግኝ። ያን ጊዜ እውነት መናገር አያስፈራም። ተጠባባቂውም በመጀመሪያው ቀን ስሙ ይጠራ፤ አበሉም፣ ካምፑም፣ ሐኪሙም ከሦስቱ አይነስበት።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ወሎ እንምጣ። አንዳንድ መምህራኖቻችን «ማራቶን የአርሲና የሸዋ ነገር ነው፤ ደሴን ምን አገባት?» ይሉናል፤ እናከብራቸዋለን፣ ግን አንስማማም። ደሴ ከጦሳ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የሌላ አገር ሯጮች ከፍ ብሎ መኖርንና ዝቅ ብሎ በፍጥነት መለማመድን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ተራራ ለተራራ ይዞራሉ፤ የእኛ ልጅ በሚኒባስ ሒሳብ ያገኘዋል። (ቁልቁለቱን የሮጠበትን ሰዓት ግን ለማንም አያሳይ፤ በሕጉ መሠረት መንገዱ በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ከወረደ ሰዓቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም፤ ቦስተንም በዚሁ ምክንያት አይቆጠርም።)

ታዲያ ይህ ልጅ ምን ይጎድለዋል? ለፓሪስ የተጠየቀው የወንዶች ሰዓት 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ የሴቶች ደግሞ 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበር። ይህ ሰዓት የሚመጣው አየሩ ሳይሳሳ፣ መንገዱ ሜዳ በሆነበት፣ በውጭ አገር ነው። ወደዚያ ለመሄድ ማናጀር፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል። ማናጀሩ ደግሞ የሚፈልገው አስቀድሞ ሰዓት ያለውን ሰው ነው። ሰዓት ለማግኘት ማናጀር፣ ማናጀር ለማግኘት ሰዓት! በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞቻችንን በመታ ጊዜ የዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ሲዘረፍ፣ የእኛ ሯጭ የሚያስበው ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ ነፍሱ ነበር። ያ ዓመት በማንም የሰዓት ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ መራጩ የሚያየው ባዶ መስመር ብቻ ነው።

ስለዚህ በሰዓት ብቻ ይመረጥ የሚሉትን አንደግፍም። በአገር ቤት ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰዓት ቀርፋፋ መሆኑን ማንም አይክድም፤ በአገር ቤት ሩጫ ማን ማንን እንደቀደመ ግን ከፍታ አይለውጠውም። በአገር አቀፍ ውድድር ከፊተኞቹ የሚገኝ ያልታወቀ ወጣት ፌዴሬሽኑ ራሱ ወጪውን ችሎ ወደ ውጭ ሩጫ ይላከው፤ ሰዓቱን ካመጣ ይቆጠርለት፤ ካላመጣም ቢያንስ ተሞክሯል። «ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚሉ፣ ከቡድኑ ጋር የሚጓዙትን ባለሥልጣኖች ቁጥር ይመልከቱ እንላለን።

አዛውንቶቹን አባርሩ የምንል የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ማሞ በዕድሜው ቢመዘን ኖሮ ሜክሲኮ ላይ ወርቅ አናገኝም ነበር። ትዕግስት አሰፋም በሪዮ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ ነበረች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በርሊን ላይ የዓለምን ሰዓት ሰበረች፤ በፓሪስም ለወርቁ ሦስት ሰከንድ ብቻ ቀርቷት ብር ወሰደች። መቼ ማን እንደሚያብብ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህም ነው በሩ በግምት ሳይሆን በሕግ መከፈት ያለበት። የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በ2020 ዓ.ም. ይደረጋል። የመምረጫው ደንብ ከአንድ ዓመት በፊት ተጽፎ፣ ታትሞ፣ እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለወጥ ይቆይ።

ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ለፌዴሬሽኑ አዘጋጅተናል። ግልባጩ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች በምግብ አዳራሾቹ በር ላይ ተለጥፏል፤ የሚስማማ ይፈርም። የማይስማማ፣ በተለይም መምህራኖቻችን፣ መልሳቸውን እስከ ዓርብ ቢያደርሱን ሳንቆርጥ ሳንቀጥል በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።