ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ዓመታት

በሰሜን ጎንደር ከሊማሊሞ ግርጌ ከምትገኘው ዛሪማ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ደባርቅ ለማድረስ ያን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ግድ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ መካከል ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ በሕፃኑ ራስና በዳሌ አጥንት መካከል የተጨመቀው የእናቲቱ ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል። ሲረግፍም ወደ ሽንት ፊኛ ወይም ወደ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ቀዳዳ ይከፈታል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ በወሊድ ጊዜ ዓይነ ምድርን የሚቋጥረው ጡንቻ ተቀዶ ሳይሰፋ የሚቀርባቸው እናቶችም አሉ።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ካቋቋሙ ወዲህ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች ታክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕር ዳሩ ማዕከል በመከፈቱም የአካባቢው ሴት ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግዴታዋ መሆኑ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በየቀበሌው እንደሚታሰበው ሴትዮዋ ታክማ ከተመለሰች ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀዳዳው በአብዛኞቹ ቢደፈንም ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሽንት ማምለጡ አይቀርላቸውም። ደስታ መንደር በመጀመሪያ የተቋቋመውም በቀዶ ሕክምና ሊድኑ ላልቻሉ ሴቶች መኖሪያ እንዲሆን ነበር።

የተቀደደውን ጡንቻ መስፋትም ቢሆን ውጤቱ ከዓመታት ጋር ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የእንግሊዝ አገር ጥናት በወሊድ የተጎዱትንና ጡንቻቸው ከተሰፋ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሴቶች ተከታትሎ ነበር። ብዙዎቹ ከበፊቱ የተሻላቸው ቢሆንም ዓይነ ምድርንም አየርንም ፈጽማ መቆጣጠር የቻለች አንዲትም አልተገኘችም። ይህ የሆነው ሐኪምም መድኃኒትም በቅርብ ባለበት አገር ነው። ስለዚህ አንዲት የዛሪማ ሴት ከዓመታት በኋላ፣ በተለይም ተቅማጥ ሲይዛት፣ ችግሩ ቢመለስባት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ደብቃ ከምትቀመጥ ወደ ሐኪሟ እንድትመለስ መርዳት ይገባል።

ከሕክምና የተመለሰች ሴት ቢያንስ ለሦስት ወር ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብና ከከባድ ሥራ መራቅ አለባት። ውኃ መቅዳቱን፣ እንጨት መልቀሙን ማን ይሥራላት? ባል ትቷት ከሆነ መሬቷን ማን ይረስላት? እነዚህ ሐኪም የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አይደሉም፤ የቀበሌውና የማኅበሩ መሪዎች ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው የሚጨርሷቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ቀጣዩ እርግዝና ነው። ቤት ውስጥ ካማጠች የተደፈነው ቀዳዳ ዳግም ሊከፈት ስለሚችል በሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜም በቀዶ ሕክምና፣ መውለድ ይኖርባታል። ምጥ ሲጀምር መኪና መፈለግ ከዛሪማ ለተነሣ ሰው ጊዜ አይሰጥም። የመውለጃዋ ወር ሳይደርስ የመጓጓዣዋን ገንዘብ አዘጋጅቶ ሆስፒታሉ አጠገብ እንድትቆይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቀኑ ከጤና ባለሙያው ጋር የሚቆረጠውም አስቀድሞ ነው።