የጌም ኮንሶልና ወርሃዊ ክፍያ፦ አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው ያዋጣሉ?

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየቆየ ሲሄድ ዋጋው ይቀንሳል የሚለው ልማድ በጌም ገበያ ላይ አልሠራም። በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2025 ሶኒ በአሜሪካ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ 50 ዶላር ጨምሮ፣ ዲስክ የሚያነበውን ኮንሶል 549.99 ዶላር አደረሰው። ይኸው ኮንሶል በ2020 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 499.99 ዶላር ነበር። በጥቅምት 2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ጌም ፓስ የተሰኘው አገልግሎቱን ከፍተኛ እርከን በወር ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ አደረገ።

ለኢትዮጵያውያን ጭማሪው ድርብ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2024 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ2025 መገባደጃ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ስሌት ቀድሞ 28 ሺህ 500 ብር ይገመት የነበረ የ500 ዶላር ዕቃ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ከ70 ሺህ ብር ይበልጣል።

ታዲያ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ ለመዝናናት ያህል ብቻ የሚጫወት ሰው የትኛውን ቢመርጥ ያዋጣዋል?

ስሌቱ ምን ይላል?

በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው በዓመት 104 ሰዓት ይጫወታል። በወር 29.99 ዶላር የሚከፍል ከሆነ ዓመታዊ ወጪው 360 ዶላር ገደማ ነው። የኮንሶሉ ዋጋ ሳይጨመር፣ እያንዳንዱ ሰዓት ወደ ሦስት ዶላር ተኩል ያስወጣዋል ማለት ነው። በሳምንት አሥር ሰዓት ለሚጫወት ግን ያው ክፍያ በሰዓት 70 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጌሞችን በአንድ ክፍያ የሚያቀርብ አገልግሎት ጥቅሙ የሚታየው ጌም ለሚያፈራርቅና ሰፊ ጊዜ ላለው ሰው ነው።

በአካባቢያችን ግን ብዙዎች ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱት አንድ የእግር ኳስ ጌም ነው። አዲስ ዲስክ በ70 ዶላር ገዝቶ 104 ሰዓት የተጫወተ ሰው፣ ለሰዓት ያወጣው ከ70 ሳንቲም ያነሰ ነው። ሲሰለቸው ዲስኩን መሸጥ ወይም ማዋስ ይችላል። የወር ክፍያ የሚከፍለው ግን ክፍያውን ባቆመ ዕለት ከእጁ የሚቀርለት ጌም የለም።

በፕሌይስቴሽን አብዛኞቹን የሚሸጡ ጌሞች ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመግጠም የፕሌይስቴሽን ፕላስ ደንበኝነት ያስፈልጋል። የዝቅተኛው እርከን ዓመታዊ ዋጋ በ2023 በአሜሪካ ከ59.99 ወደ 79.99 ዶላር አድጓል። እንደ ፎርትናይት ላሉ ነፃ ጌሞች ግን ይህ ክፍያ አይጠየቅም። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ለመጫወትም እንዲሁ።

ከገንዘቡ ባሻገር

ገንዘቡ ያለው ሰው ሁሉ መክፈል አይችልም። በግንቦት 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሲያዝ፣ አካውንቱ በይፋ የማይከፈትባቸው ከ170 በላይ አገራትና ግዛቶች ከጌሙ ሽያጭ ውጭ ሆነው ነበር። ኩባንያው ትዕዛዙን የሻረው ብርቱ ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ አገልግሎቱን በይፋ ስታገኝ ኢትዮጵያና ኬንያ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ።

በመሆኑም ብዙዎች አካውንታቸውን በሌላ አገር ስም ይከፍታሉ። ኬንያውያን ከ2022 ጀምሮ ከኤምፔሳ ሒሳባቸው ጋር በተያያዘ የቪዛ ካርድ ለውጭ ድረ ገጾች መክፈል ይችላሉ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው የአዲስ አበባ ወጣት ግን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ የክፍያ ኮድ ገዝቶ እንዲልክለት ይጠይቃል። ኮዱ አካውንቱ ከተከፈተበት አገር ጋር ካልገጠመ አይሠራም። ከዚያም በላይ አንዳንድ ጌሞች 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሚመዝኑ፣ እነሱን ለማውረድ የሚወጣው የኢንተርኔት ወጪ ሌላ ሸክም ነው።

የጌም ቤቶች መላ

ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ያሉ ሰፈሮች ለዚህ የራሳቸውን መላ ካገኙ ቆይተዋል። በጌም ቤቶች ወጣቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላሉ፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡ የተሸናፊው ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን የኮንሶል ዋጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በጥቂት በጥቂቱ ይሸፍኑታል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ አማራጭ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ዓይነቱ መጋራት ግን ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ዕቃ ላይ የቆመ ነው፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ ከዲስክ እየራቁ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ያለ ማጫወቻ ነው የሚሸጠው። ማይክሮሶፍት በ2013 ያገለገሉ ጌሞችን ሽያጭ ለመገደብ ያወጣውን ዕቅድ የሰረዘው ደንበኞቹ በግልጽ ስለተቃወሙት ነበር። ዲስኩ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ግን ተመሳሳይ ውጤት ያለ ክልከላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ዶላርም ካርድም የሌለው ተጫዋች ነው።

ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚጫወት ሰው ኮንሶል ለመግዛት ከቆረጠ፣ ዲስክ የሚያነብ ያገለገለ ኮንሶልና አንድ ሁለት ዲስኮች ይበቁታል። ወርሃዊ ክፍያውን ረዘም ያለ ዕረፍት ሲያገኝ ለአንድ ወር ብቻ ገዝቶ፣ ክፍያው በራሱ እንዳይታደስ ወዲያው ማቋረጥ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን የሚጫወትበትን ሰዓት በሐቀኝነት ቢቆጥር ይበጀዋል፤ ኩባንያዎቹ የሚያተርፉት ተከፍሎባቸው ሳይጫወቱባቸው ከሚያልፉ ወራትም ጭምር ነውና።