በገንዘብ ስለሚገኝ ጨዋታ

አቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር (1928–2004 ዓ.ም.) «ሌቱም አይነጋልኝ» ብለው በሰየሙት ልብ ወለድ የውቤ በረሃን የሌሊት ኑሮ ጽፈውልናል። በዚያ መጽሐፍ ጐልማሶች በገንዘባቸው አጫዋች ያገኛሉ፤ ሴቶቹም ይስቃሉ፥ ያስቃሉ፤ ነገር ግን ባንድ መኝታ ካደሩት መካከል ብዙዎቹ በልባቸው እንደ ተራራቁ ይነጋላቸዋል። ደራሲውም ሴቶቹን እንደ ሰው አናገሯቸው እንጂ አልነቀፏቸውም።

አንባቢ ሆይ፥ «ይህ የውቤ በረሃ ነገር ነው፤ ቤታችንን አይመለከትም» ማለት የሚገባ አይመስለንም። በልደታ የቀድሞው መንደር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ፥ ለቡና ይጠራራ የነበረው ጎረቤት ብዙው ተበትኗል። ባሕር ማዶ የሄዱ ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ እናት ግን ከተቀጠረች ልጅ ጋራ ብቻዋን የምትውልበት ቤት አለ። ሠራተኛይቱ ምግብ ታቀርባለች፥ መድኃኒት ታስታውሳለች፤ የተቀጠረችው ግን ለሥራ እንጂ ለጨዋታ አይደለም። ብትጫወትም እንኳ ልቧ በገጠር ትታት ከመጣችው ከገዛ እናቷ ዘንድ ነው።

ሰው ቀጥሮ ወላጅን ማስጠበቅ ነውር ነው አንልም፤ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ደመወዝ የከፈለ ሁሉ የልጅነቱን ዕዳ የከፈለ አይምሰለው። በቅርብ ያለ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ከእናቱ ጋራ ቡና ይጠጣ፤ በሩቅ ያለውም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ይላክ። ለሠራተኛይቱም እናቷን የምትጠይቅበት የዕረፍት ቀን ይሰጣት፤ የተከራየነው ሰዓቷን እንጂ ልቧን አይደለምና።