ነገርን ከሥሩ፣ ኮከብን ከመንገዱ

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በሚሰባሰቡበት ገጽ ላይ ስለ ጥርስና ሞተር መጻፍ ለአንዳንዶች እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁንና ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ሁለቱንም ወገን ይነካል። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ የከዋክብትን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሡ ወጣቶቻችን ተስፋ የሚቆርጡት መሣሪያ በማጣት ብቻ አይደለም። መሣሪያውን ካገኙም በኋላ መመሪያው ለሌላ አገር ሰማይ የተጻፈ ሆኖባቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዳቸውም ጠፍቶ ነው። ይህን ጉድለት መሙላት የፊዚክስ ምሩቃን ሥራ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ወዳጆችም ዕዳ ነው እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ በዛቢያዋ ላይ አንድ ዙር ትዞራለች። በዚህም የተነሣ ከዋክብት በየሴኮንዱ 15 ሴኮንድ ቅስት ያህል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እናያቸዋለን። ሴኮንድ ቅስት ማለት አንድ ዲግሪ ለ3600 ሲካፈል የሚገኘው ቅንጣት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ለማንሣት ይህ ጉዞ አያስጨንቅም ነበር፤ በመከላከያ መስታወት በኩል የሴኮንድ ሽራፊ ይበቃል። በኦሪዮን ሰይፍ ላይ ያለውን የጋዝ ደመና፣ ኔቡላውን፣ በደንብ ለማንሣት ግን ካሜራው ደቂቃዎችን ዓይኑን ሳይከድን መቆየት አለበት። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ቴሌስኮፑን የተሸከመው መንበር ከኮከቡ እኩል መጓዝ ካልቻለ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል።

መንበሩ ሞተር አለው፤ ነገር ግን ጥርሶቹ ፍጹም አይደሉም። በዝቅተኛ ዋጋ በሚሸጡ መንበሮች ላይ መዛነፉ በየጥቂት ደቂቃው እየተመላለሰ በደርዘን የሚቆጠር ሴኮንድ ቅስት ይደርሳል። ስለዚህ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ ተደርጎ አንድ ኮከብ ብቻ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ኮከቡ ፈቀቅ ሲል ሶፍትዌሩ ለሞተሩ «ተመለስ» ይለዋል። ይህ አውቶጋይዲንግ ይባላል። ይሁንና ጠባቂው ማዘዝ ከመጀመሩ በፊት መማር አለበት። መንበሩን ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፣ ወደ ምሥራቅ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ። በእያንዳንዱ ግፊት ኮከቡ ስንት ፒክስል፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሄደ ይለካል። ፈረንጆቹ ካሊብሬሽን የሚሉት ይህን ነው። እኔ መናበብ ልበለው። ዓይንና እጅ፣ አዛዥና ታዛዥ የሚናበቡበት ሰዓት ነውና። ሰዋስው የተማረ ሁሉ «ተናባቢ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ሁለት ቃላት ተያይዘው አንድ ትርጉም የሚሰጡበት ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚሁ መናበብ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ «ኮከቡ በበቂ አልተንቀሳቀሰም» ብሎ ሲያቆም ባለ ቴሌስኮፑ ቁጥሮችን መቀያየር ይጀምራል። እኔ ይህን መንገድ አልደግፈውም። ቀን ቀን በባንክ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ማምሻውን በእጅ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል መዝገቡን የሚነካካ ሠራተኛ ልዩነቱን ይደብቀዋል እንጂ አያገኘውም። እዚህም እንዲሁ ነው። መጠየቅ ያለብን በቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ፦ ኮከቡ በእርግጥ ኮከብ ነው? በካሜራው ላይ ያለ አንድ የጋለ ፒክስል ኮከብ መስሎ ሊያበራ ይችላል። መንበሩ ቢገፋ ቢጎተት እርሱ ንቅንቅ አይልም፤ ሰማይ ላይ የለማ! መድኃኒቱ ሌንሱን ሸፍኖ ጨለማ ፎቶ ማንሣትና የውሸት ነጥቦቹን መቀነስ ነው። ሁለተኛ፦ ትእዛዙ ይደርሳል? ገመዱ ተሰክቷል፣ የማረሚያ ፍጥነቱስ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ አልተሞላም? ሦስተኛ፦ ምሥራቅና ምዕራብ ሠርቶ ሰሜንና ደቡብ እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥርስ ልልነት ነው። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ጥርሱ ክፍተቱን እስኪሻገር ድረስ ኮከቡ ቆሞ ይጠብቃል። አራተኛ፦ ኮከቡ በሁለቱም ቢሄድ፣ ነገር ግን ሁለቱ መስመሮች ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ካልሠሩ፣ የሚጎተት ገመድ፣ ነፋስ ወይም ሚዛኑን ያጣ ጭነት አለ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ሳይጣሩ ቁጥር መለወጥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ዓይነት ነው። አንድ ሌሊት ቢሠራ በማግስቱ ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። የምናነባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ከምድር ወገብ በ40ና በ50 ዲግሪ ርቀት ለሚኖሩ ሰዎች ነው። «መንበርህን በሰሜን ኮከብ ላይ አነጣጥር» ብለው ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናትና የሰሜን ኮከብ ለእኛ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ በአቧራና በጭጋግ መካከል ይታያል። ከብዙ የቀበና ግቢዎች ደግሞ ጭራሹን አይታይም፤ የእንጦጦ ሸንተረርና ባሕር ዛፉ ፊቱን ይጋርዱታል። መንበሩም ይቸገራል። ወደ 9 ዲግሪ ዝቅ ሲደረግ የሚዛኑ ዘንግ ከትራይፖዱ እግር ጋር የሚጋጭበት አለ፤ እስከዚያ ድረስ ዝቅ ማለት የማይችልም አለ። በሰሜን በኩል ያለውን እግር ማሳጠር ይረዳል፤ እንዳይገለበጥ ግን መጠንቀቅ ነው።

የሰሜን ኮከብ ቢጋረድ መንገድ አለ። ከራስ በላይ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ ያለ ኮከብ ይመረጥና ያለ እርማት ይታያል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከፈቀቀ መንበሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይታረማል። ቀጥሎ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ያለ ኮከብ ይታይና የመንበሩ ከፍታ ይታረማል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ኮከቡ ራሱ ያስተምራል።

ደግሞስ እኛ የተነፈግነውን ብቻ ለምን እንቆጥራለን? መናበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው በሰማይ ወገብ አጠገብ ነው። ወደ ዋልታው በተጠጋን ቁጥር የኮከቡ የምሥራቅ ምዕራብ እርምጃ እያጠረ ልኬቱ ይደክማል። የሰማይ ወገብ ደግሞ በአዲስ አበባ ላይ ከአናታችን 9 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ ያልፋል፤ አየሩ ከሁሉ የጠራበት ቦታ ማለት ነው። በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቀና ያለ ሰው የኦሪዮንን መታጠቂያ እዚያው ያገኘዋል። ከሦስቱ ከዋክብት አንዷ፣ ሚንታካ፣ ወገቡ ላይ ተቀምጣለች ማለት ይቻላል። የአውሮጳ ሰው ይህን የሚያየው ዝቅ ብሎ በደቡብ ሰማዩ ነው። ይህን ጸጋችንን የሚነግረን የአማርኛ መመሪያ ግን የታለ?

«ባለ ቅኔን ከጥርስና ከገመድ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። የአባቶቻችን መጻሕፍት ይመልሱለት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮጳ ይዞ ገባ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትጠልቅባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች ይቆጥራል፤ ቀንና ሌሊትንም በ18 ክፍል ይለካል። ባሕረ ሐሳብም የበዓላቱን ቀን ሲያወጣ የሚያሰላው የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ነው። ሰማይን መለካትና ስለ ሰማይ መጻፍ በዚህ አገር የተለያዩ ሙያዎች አልነበሩም። ዛሬ ግን በግጥሞቻችን ውስጥ ኮከብ የውበት ምሳሌ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ የት እንደሚወጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠልቅ የሚያውቅ ገጣሚ ጥቂት ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ራሱ አነጣጥሮ፣ ራሱ ተናብቦ የሚሠራ አነስተኛ ቴሌስኮፕ በዚህ ዘመን ይሸጣል። እውነት ነው፤ ለጀማሪ መልካም ነው። የቆመ ዕለት ግን የማያውቁት ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ። በእንጦጦ ላይ በ3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። እነዚህ ትልልቅ ዓይኖች ነገ የሚጠብቃቸው ሰው ዛሬ በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ በትንሽ መንበር ሲታገል ያደረ ልጅ ነው። የከተማው መብራት ወደ ተራራው እየወጣ ነውና ጊዜውም አይጠብቀንም።

እንግዲህ ከዚህ ገጽ አንባቢያን የምለምነው ከባድ አይደለም። የምታውቁትን አንድ የሥራ እርምጃ በአማርኛ ጻፉ፤ ለአንድ መሣሪያ አንድ ቃል አዋጡ፤ የማይሆነውን ቃል ተቹ። እኔም የአቅሜን በአራት ስንኝ ላዋጣ፦

ሰማይ መች ዋሸና፣ ኮከብ መች ዘገየ፣
ጥርሱ የላላው ነው፣ ከመንገድ የለየ፤
ባለመናበብም፣ ስንት ሌሊት ነጋ፣
ብርሃን እኛን ሊያይ፣ በራችን ሲጠጋ።