የገዛነው ካርድ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይመልስ ነበር። አንዲት ተሳታፊ ተነስታ የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ላይ እንዴት እንዳስቸገራት ነገረችው። ሰውዬው ወደ ካሜራው ዞረና የመሃል ጣቱን ቀሰረ። እዚህ የማንጽፈውን ስድብም ጨመረበት። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ እኛም አይተን ሳቅን። ከሳቃችን በኋላ ግን እንዲህ ያናደደው ምን እንደሆነ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ነገሩ ድራይቨር ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገ ሁሉ ያውቃታል። ዊንዶውስ ተጭኖ ያልቅና ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ገዝፎ፣ ተለጥጦ ይታያል። ልጁም “አይዞህ፣ ድራይቨሩ ስላልገባ ነው” ይላል። ድራይቨር በስርዓተ ክወናውና በዕቃው መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ነው። ክፍት ከሆነ ኮዱ ለሁሉም ይሰጣል፤ የቻለ ያነበዋል፣ የተበላሸውን ያስተካክላል። ዝግ ከሆነ ግን የውስጡን የሚያውቀው ካርዱን የሠራው ኩባንያ ብቻ ነው። እኛ ያለቀለትን ፋይል ተቀብለን እንጭናለን፣ አለቀ።

እንግዲህ ሊኑክስ በየሁለት ሦስት ወሩ አዲስ ከርነል ይወጣለታል፤ ውስጡም ይለዋወጣል። ከከርነሉ ጋር አብረው የሚኖሩትን ክፍት ድራይቨሮች ለውጡን ያመጣው ሰው ራሱ ያስተካክላቸዋል። ዝጉ ግን ውጭ ቆሞ ኩባንያውን ይጠብቃል። ኩባንያው “ይህ ካርድ አርጅቷል” ካለ በኋላ የሚያስተካክለው የለም። ካርዱ አልተቃጠለም፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ከአዲሱ ከርነል ጋር የሚያነጋግረው ነው ያጣው።

ሐቁን እንናገር ከተባለ ዝጉ ድራይቨር ለብዙ ዓመታት ፈጣን ነበር። በኤንቪዲያ ካርድ ብሌንደር ላይ የሚሠራ ወይም ኩዳ የሚፈልግ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። እኛም ጭነነዋል። ኩባንያዎችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ተፎካካሪ እንዳያይባቸው ይፈራሉ፣ ውስጡ ከሌላ በፈቃድ የወሰዱት ኮድ ይኖራል። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

የማንቀበለው የሚመጣው ካርዱ ካረጀ በኋላ ነው። ከ2010 ጀምሮ የወጡት ጂፎርስ 400 እና 500 የመጨረሻው ድራይቨራቸው እስከ 2022 መጨረሻ ነበር። የ2012ቶቹ ኬፕለሮች በ2024 ተከተሉ። በ2025 ደግሞ ኤንቪዲያ 580 የሚባለው የድራይቨር ትውልድ ለማክስዌልና ለፓስካል የመጨረሻው እንደሆነ አሳወቀ። ፓስካል ማለት ብዙ ልጅ ጌም የሚጫወትበት ጂቲኤክስ 1060 ያለበት ቤተሰብ ነው።

“ታዲያ አሥር ዓመት አገለገለ አይደል?” የሚል አይጠፋም። ለመጀመሪያው ባለቤቱ አዎ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው ሌላ ሰው ውጭ አገር ተጠቅሞ የጣለውን ነው። ካርዱ እዚያ ጡረታ ሲወጣ እዚህ ገና ሥራ ይጀምራል። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ዕቃ መርካቶ ደርሶ “አዲስ ነው በለው!” ተብሎ ሲሸጥ፣ ከኩባንያው የጊዜ ሰሌዳ ለእኛ የምትተርፈን ጭራዋ ናት።

ኑቮ የሚባል ክፍት ድራይቨር መኖሩን የሚያነሳ አንባቢ ይኖራል። አለ። ፕሮግራመሮች ያለ ኩባንያው ሰነድ የካርዱን ባህርይ ከውጭ እየሰለሉ የጻፉት ነው፤ ያደንቃል ሰው። ነገር ግን ከ2014ቱ ሁለተኛ ትውልድ የማክስዌል ካርዶች ወዲህ ኤንቪዲያ ካርዱ የኩባንያው ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር እንዳይቀበል አደረገ። የካርዱን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን ፈርምዌር ደግሞ ለኑቮ ሰዎች አልሰጠም። ስለዚህ ካርዱ ሲበራ በያዘው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይቀራል። መኪና ገዝታችሁ አንደኛ ማርሽ ላይ ተቆልፎ ሲሰጣችሁ አስቡት።

በግንቦት 2022 ኩባንያው የከርነሉን ክፍል ኮድ ከፈተ። ጮቤ ረገጥን። ስናነበው ከ2018ቱ ቱሪንግ ወዲህ ላሉት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ትልቁ ሥራም ፈርምዌር ውስጥና አሁንም ዝግ በሆነው ሌላው ክፍል ውስጥ ነው። ለአዲሶቹ ካርዶች ጥሩ ነው፤ ኤንቪኬ የሚባል ክፍት ድራይቨርም እያደገላቸው ነው። መሃል ላይ የቀሩት ግን ማክስዌልና ፓስካል ናቸው፤ ዝጉ ድራይቨር እየተሰናበታቸው፣ ክፍቱ ደግሞ በር ተዘግቶበት። እኛ ኪስ የሚደርሱት ካርዶች በትክክል እነዚህ መሆናቸው ያናድዳል።

የኤኤምዲን መንገድ እዩት። ኤቲአይን በ2006 ገዛ፣ በ2007 የካርዶቹን ሰነድ ማውጣትና ክፍት ድራይቨር መደገፍ ጀመረ። (ቅዱስ ነው አላልንም፤ ፈርምዌሩ ዛሬም ዝግ ነው።) በ2016 ከኩባንያው ውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች ራድቪ የሚባል የቩልካን ድራይቨር ጀመሩ። ስቲም ዴክን የሠራው ቫልቭም ገንዘብ እየከፈለ አሠራበት። በ2025 ኤኤምዲ የራሱን ክፍት የቩልካን ድራይቨር አቁሞ ራድቪን እደግፋለሁ አለ። የውጭ ሰዎች ከባለቤቱ በልጠው ተገኙ ማለት ነው! በዚያው ዓመት ለ2012ቱ ራዲዮን ኤችዲ 7000 ካርዶች እንኳ ማሻሻያ ሲሠራላቸው ነበር፤ የሠራው ደግሞ የኤኤምዲ ሠራተኛ አልነበረም።

ይህ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው የሚል ካለ የድሮ የአማርኛ ፋይሎቹን ይክፈት። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ሶፍትዌሩ ከጠፋ በኋላ ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ጽሑፉ የእኛ ነበር፣ ቁልፉ የሌላ።

ኤንቪዲያን የምንለው ከባድ አይደለም። ድራይቨሩን ለዘላለም ጻፉልን አላልንም። “ከእንግዲህ አንደግፈውም” ባላችሁበት ቀን ለዚያ ካርድ ለኑቮ የከለከላችሁትን ፈርምዌር ልቀቁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌሎች ይሠሩታል።

እስከዚያው ካርድ ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሱት፣ ቪዲዮ ክፈቱበት፣ መስኮት ወዲያ ወዲህ ጎትቱበት። ባለሱቁ “ምን እያደረክ ነው?” ማለቱ አይቀርም። አምስት ደቂቃ ለምኑት።