ካም የቀየረ ፑሽ ሮዱንም ይለካ

የሞተር ሳይክል መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» የሚለው ነው። «ርዝመቱ ስንት ሚሊሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገርም። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ጉልበት ፍለጋ ካም ያስቀየረ ባለሞተር ወር ሳይቆይ እንደገና ጋራዥ ደጅ የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ ወር ሳይሞላ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መንግሥት በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የግል ተሽከርካሪዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱም ይታወሳል። በመሆኑም በእጅ ያለውን ሞተር አድሶ ማሠራት ከምርጫነት አልፎ የኑሮ ግዴታ ሆኗል። ሞተር ሲታደስ ደግሞ የሚሸጠው መለዋወጫ ነው።

በአገራችን ከተሞች ጭነት ከሚያመላልሱት ባለ ሦስት እግር ሞተሮች መካከል ብዙዎቹ የሆንዳ ሲጂ 125ን አሠራር የተከተሉ የቻይና ሥሪቶች ናቸው። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ዘይት በወቅቱ ለማይቀየርበት፣ የጥገና አቅምም ውስን ለሆነበት አገር ነው። ስለዚህ ካሙን ከላይ ከቴስታታው አንስቶ ወደ ታች አወረደው፤ ቫልቮቹም በሁለት ረጃጅም ፑሽ ሮዶችና በሮከር አርም አማካይነት እንዲከፈቱ አደረገ። አሠራሩ ቀላልና ታጋሽ ነው። ይሁን እንጂ ከካሙ እስከ ቫልቩ ያለው መንገድ ስለረዘመ፣ በመካከል ያለው የዘንግ ልክ ወሳኝ ሆነ።

ካሙ በተሻለ ሲቀየር ምን ይፈጠራል? አዲስ ካም ከመግዛት ይልቅ አሮጌውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ቅርጹን ማስለወጥ ርካሽ ነው። ነገር ግን ብረት ይሞረዳል እንጂ አይጨመርም። የቫልቩ አከፋፈት ከፍ እንዲል ከተፈለገ የካሙ ክብ ወገብ ዝቅ ተደርጎ ይሞረዳል። ወገቡ በአንድ ሚሊሜትር ከቀነሰ ፑሽ ሮዱም አንድ ሚሊሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ያንን የሚያካክስ ረዘም ያለ ዘንግ ያስፈልጋል ማለት ነው። በተቃራኒው ቴስታታው ከተላገ ወይም ቀጭን ጓርኒሲዮን ከገባ ርቀቱ ያጥራል፤ ዘንጉም እንዲሁ ማጠር አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የሮከሩን ማስተካከያ ቡሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ልዩነቱን መሸፈን ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሆኖም ሮከሩ ከተፈጥሮ አቋሙ ስለተዛባ የቫልቩን ጫፍ ከመሐል ሳይሆን ከዳር ይገፋል፤ ቫልቩ የሚመላለስበት ቱቦም ቶሎ ይበላል። ዘንጉ ከረዘመ ደግሞ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት መቀመጫ ስለሚያጣም ይቃጠላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መለካት ያለበት ሁሉም ሥራ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይኸውም አዲሱ ካም ገብቶ፣ ቴስታታው በመጨረሻው ጓርኒሲዮን ታስሮ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው፣ ማስተካከያው ቡሎንም በመካከለኛ ቦታው ላይ ቆሞ። ከአሮጌ ዘንግ ተቆርጦ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር መለኪያ ዘንግ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ይሠራል። ያ ዘንግ ክፍተቱን ሞልቶ ሲገኝ በካሊፐር ይለካል፤ ግዢው የሚታዘዘው በዚያ ቁጥር ነው።

ከርዝመት ቀጥሎ የሚታየው የተሠራበት ብረት ነው። ጠንካራ ሞላ ለታሰረበት ሞተር የማይጎብጥ የአረብ ብረት ዘንግ ይመረጣል። ነገር ግን አሉሚኒየም በሙቀት የሚረዝመው ከብረት እጥፍ ገደማ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። 150 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ አሉሚኒየሙ 0.35፣ ብረቱ 0.18 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የቫልቭ ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር በሚለካበት ሞተር ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ስለዚህ የዘንጉን ዓይነት የለወጠ ክፍተቱንም እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል። ቀጥነቱን ለማወቅ ደግሞ ዘንጉን በመስተዋት ላይ ማንከባለል ይበቃል፤ ከዘለለ ጎብጧል።

ለደገኛው ባለሞተር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በቀየትም ሆነ በመንዝ ዳገት ጭነት የሚያወጣ ሰው ጉልበት ቢያንሰው አይፈረድበትም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዳሩ ግን ቫልቩን ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍት ካም ጉልበቱን ወደ ከፍተኛው ዙር ይወስደዋል፤ ዳገት ላይ ጭነት የሚፈልገው ደግሞ የዝቅተኛውን ዙር ጉልበት ነው። ካም ከመቀየር በፊት የካርቡሬተሩን ጂግለርና የሰንሰለቱን ጥርስ መመልከት ይቀድማል።

«ደንበኛው የሚፈልገው ርካሹን ነው፤ ሚሊሜትር አያውቅም» የሚሉ ነጋዴዎች አይጠፉም። እውነት አላቸው። ግን ሒሳቡን እናስላው። ለምሳሌ ያህል ዕለታዊ ገቢው 600 ብር የሆነ ባለሞተር አምስት ቀን ጋራዥ ቢቆም 3,000 ብር ያጣል፤ የቫልቩ፣ የጓርኒሲዮኑና የመካኒኩ ዋጋ ሳይቆጠር። ሞተሩን በብድር የገዛ ከሆነ ደግሞ የወሩ ክፍያ አይጠብቀውም። ይህ ሰው ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ ያመጣው ደላላም ስሙ ይነሣል።

ስለሆነም ከሶማሌ ተራ እስከ ደብረ ብርሃን ያሉ ነጋዴዎች ካምና ፑሽ ሮድን ለየብቻ ከመሸጥ ይልቅ፣ በአንድ ላይ፣ ርዝመቱንና የብረቱን ዓይነት በካርቶኑ ላይ ጽፈው ቢያቀርቡ ያተርፉበታል። በየግማሽ ሚሊሜትሩ የሚለያዩ ጥቂት ልኮችን በመደርደሪያ መያዝ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። አንድ ካሊፐር በሱቁ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ደግሞ «ኦሪጅናል ነው» ከሚለው መሐላ ይበልጥ ደንበኛን ያሳምናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቫልቩ ሳይቃጠል ዘንጉን መለካት ይሻላል።